ተሳቢ ቤት

የአምና ካሌንደር ጀርባ፣ ነጩ ገጽ ላይ፣
መንገድ እስላለሁ፤
ሠላሳ ዓመት የነዳሁትን፣ አንድም ቀን ሳላይ።
ሌሊት ጫኝ፣ ሌሊት አራጋፊ፤ ከመብራቴ ወዲያ ያለውን ተራራ
ስሙን እንጂ መልኩን የማላውቅ፣ በጆሮ ብቻ የምፈራ።

ጅማ ይቺ ናት፤ የሻይ ብርጭቆዬ ያተማት ክብ፤
ከሷ ሰቃ፣ ከሰቃ ሸቤ፤ ከዚያ ቁልቁለቱ፣ ጎጀብ የሚስብ፤
ማዶው ዳገት ነው፣ ጫካ የለበሰ፤
ጊምቦ፣ ቦንጋ፣ ውሽውሽ... እርሳሴ እዚያ ደረሰ።

ታጁዲን ኮቺ ያለው ጋራዡ ቤት እየበየደልን ነው።
ከተጣለ ተሳቢ አክስሉን አውጥተን፣
ሁለት መስኮት፣ አንድ በር፣ ታጣፊ አልጋ ሠርተን፣
ከአሮጊቷ ፒክአፕ ኋላ ልናስራት፣
ጥቅምት ሳይጠባ፤ ቀለም ብቻ ቀራት።

ሠፈሩ ይስቃል፦ «ነዚፍ ቀንድ አውጣ ሆነ፣
ቤቱን በጀርባው አዝሎ አገር ሊዞር ወሰነ!»
ይሳቅ።
እኔ ከካርታው ሥር የሹፌር ጸሎቴን እጽፋለሁ፦

ከባዱ ዕቃ ወደ ፊት፤ ኋላው የከበደ ተሳቢ ጅራቱን ይነሰንሳል፣
ፊት ያለውን መኪና ከአስፋልት ያነሳል።
ሰንሰለት፣ ሁለት፤ መንጠቆው ቢከዳ።
ፍሬን ብቻ ያመነ፣ ጎጀብ ሲደርስ ነው የሚረዳ፤
ዳገት በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ፤
ኩርባውን አስፍተህ ዙር፤ ተሳቢ አቋራጭ ነው የሚወድ።
ወደ ኋላ ሲሆን፣ ግራ ያዞረ ቀኝ ያገኘዋል...
ሸምሲያ አንገቷን አስግጋ፦
«ይሄንንስ ቤት ውስጥም ለምደነዋል።»

ከዚያ እርሳሱን ተቀበለችኝ።
ከጅማ ወዲያ የምታውቀው አጋሮን ነው፣ እህቷ እዚያ ተድራ፤
በዚህ መንገድ ሄዳ አታውቅም፣ በእኔም ሆነ በሌላ መኪና ተሳፍራ።
«እዚህ ጋ ተሳስተሃል» አለች፣ «ከጎጀብ እስከ ጊምቦ
ረጅም ነው፤ አንተ ጋ ግን ተኝቷል፣ ተሰብስቦ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ስልክህ።
ሞባይል ከገዛህ ወዲህ፣ ሸቤ ስትደርስ 'ልወርድ ነው' ትለኛለህ፤
ታች ድልድዩ ጋ ደግሞ 'ሙቀቱ' ብለህ ታማርራለህ።
ከዚያ ትጠፋለህ።
ኔትወርክ የለም፤ ጫካ ነው። እኔ ሰዓቱን ፊቴ አስቀምጬ፣
አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ዝናብ ከሆነ ሁለት፣ ግድግዳ ላይ አፍጥጬ፣
'ወጣሁ' እስክትል ድረስ፣ ያን ዳገት እኔም ስወጣ፣
ስንት ሌሊት ነጋ፣ እንቅልፌ ሳይመጣ።
አንተ በኪሎ ሜትር ቆጠርከው፤ እኔ በዝምታህ ለካሁት፤
ጫፉን፣ እመነኝ፣ ከአንተ እኩል ነው ያወቅሁት።»

መስመሩን አስረዘመችው፤ ወረቀቱ አልበቃ ብሎ፣
እርሳሷ ጠረጴዛው ላይ ወጣ፣ የላስቲኩን አበባ ተከትሎ።

ማረፊያ ስንመርጥ፣ እኔ ውኃ ያለበት፣ ሜዳ ያለበት እላለሁ፤
እሷ፦ «ጎማ ፈንድቶብህ የነጋብህን፣
'ጉሙ ከእግሬ ሥር ተኝቷል' ያልከኝን ቦታ አያለሁ።
እዚያ ቡታጋዝ እንለኩሳለን፤ እዚያ እተኛለሁ፤
የዚያን ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ፣ አንድ ላይ አስመልሳለሁ።»

ቦታው ኩርባ ነው፤ ጠባብ ነው፤ ተሳቢ አያስቆምም።
አውቃለሁ።
ለጊዜው አልነገርኳትም።

ቅዳሜ ማታ ታጁዲን ጎትቶ ግቢ አስገባት፤
ቀለሟ ገና እጅ ይነካል፤ አንድ መስኮት ጎደላት።
ሸምሲያ ፍራሽ ዘረጋች፤ «ዛሬ እዚሁ እንደር» አለች፤
ከጅሬን በኩል ነፋስ መጣ፤ ቆርቆሮዋ ጮኸች።

ጫማዬን ፈትቼ፣ እግሬን ወደ ውስጥ ሳስገባ፦
«ድንጋይ አድርገሃል?»

ግቢያችን ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ኳስ እንኳ አይንከባለልበትም።
ወረድኩ። በጨለማ ዳብሼ ሁለት ድንጋይ አመጣሁ፤
አንዱን ከጎማው ፊት፣ አንዱን ከኋላው ወሸቅሁ፤

ስመለስ ተኝታለች።