ያልተቆረጠ ሞዴል ሃያ ሁለት

ከቦርከና ዳር ነው ጭቃው የተቆፈረ፣
ካንዱ ጡብ ገላ ላይ አውራ ጣት የቀረ፤
ማን እንደ ነበረ ጡብ ሠሪው አልታወቀ፣
በእሳት አለፈ እንጂ ጣቱን መች ለቀቀ።

መጋዘኑ የሙሴ ነበር፣ ስሙ ከበሩ በላይ፣
ትራክተር ካሰብ ሲመጣ ኮምቦልቻ ትወጣለች ልታይ።
ከዚያ ዐዋጅ ወጣ፣ በሩ ታሸገ በሰም፤
ሙሴ በአንድ ሻንጣ ሄደ፣ አልሄደም ግን ያ ስም፤
ሁለቴ ቢቀባም እንኳ፣ ዝናብ በመታው ቁጥር
ፊደሉ ብቅ ይል ነበር ከመንግሥት ቀለም ሥር።

አባቴ አሊጋዝ ንብረት ክፍል ሠራ፣
ካርቦን የጠገበ ጣት፣ እርሳስ ከጆሮው ጋራ።
ገቢው በአሥራ ዘጠኝ፣ ወጪው በሃያ ሁለት፤
ብሎን እንኳ ያለ ፊርማ አትወጣም ከዚያ ቤት።

ሰባ ሰባት መጣ።
ስንዴው ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ማረሻው ወደ ደጅ ወጣ፤
ደጁን ሞላው ሰው፣ ከቃሉ፣ ከወረባቦ የመጣ፣
ቁጭ ባለበት የሚያንቀላፋ፣
ስሙ ተጠርቶ ያልተነሳ፣ ሰልፉ ያለ እሱ የተገፋ።

አንዱ ስንዴውን በኩታው ጫፍ ቋጥሮ
ከብረቱ ክምር ፊት ቆመ።
«አንዷን ስጠኝ እስቲ።»
«በሬህስ?»
«የለም።»
«ዘሩስ?»
«በላነው።»
«ታዲያ ምን ታደርግልሃለች?»
«የኔዋን በሁለት ጣሳ ማሽላ ሸጥኋት።
ችካሏ ግድግዳው ላይ አለ።»

አባቴ ግራ ቀኙን አየ።
ሰጠው።

ከዚያ ወዲያ፣ በየሰኔ ሠላሳው ቆጠራ፣
«ማረሻ፣ አንድ፣ ጎደሎ» እየተባለ ሲጠራ፣
ከደመወዙ ተቆረጠች፣ ስድስት ብር ከሠላሳ፤
ዕዳው ተከፈለ፤ መዝገቡ ግን አንዴም አልረሳ።

መንግሥት ሄደ። ማዳበሪያ ገባ፣ ሽታው እስካሁን አለ።
ጦርነት መጣ፤ የቀለለው ተወሰደ፣ የከበደው ቀረ።

ዛሬ ሊፈርስ ነው። ከቆጣሪዎቹ አንዷ እኔ ነኝ፣ ጦይባ አሊጋዝ።
ሦስት የዲስክ ማረሻ፣ አንድ ጎማ የሌለው ጋሪ፣
የርግብ ኩስ (አይቆጠርም)፤
ከመሳቢያው ሥር ደግሞ አይጥ ጠርዙን የበላው ጥራዝ፦
ሞዴል ሃያ ሁለት።

ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ጻፍሁ።
የዕቃው ዓይነት፦ ማረሻ። ብዛት፦ አንድ።
የወጣበት ምክንያት፦ ችካሏ ባዶ ስለሆነ።
አስረካቢ፦ አባቴ።
የተረካቢ ስም፦ አልተጠየቀም።

ፊርማው ላይ ስደርስ
ወረቀቱን ጡቡ ላይ ዘርግቼ
በእርሳሱ ጎን አሸሁት፣ ቀስ እያልሁ፣
አውራ ጣቱ እስኪወጣ።