ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ

በኦውሉ ከተማ፣ በሰኔ እኩሌታ፣
ጀምበር ለስሙ ነው የምትጠልቅ ማታ፤
አድማሱን ነክታ፣ ቀልታ ትመለሳለች፣
ዕቃ እንደረሳ ሰው ደጁን ታንኳኳለች።

ቱሊኪ ምድር ቤት ድስቷን ጥዳለች፤
የበቆሎ ዱቄት፣ እርሾና ስኳር ታማስላለች፤
ለእንግዶቿ ቀለብ፣ ለሁለት መቶ ቤት፣
ሳይረጋ ልትቀዳው፣ ገንፎውን በፍጥነት።

እንግዶቿ ዝንቦች፤ ዓይናቸው ፍም መስሎ፣
ገላቸው ከራስ እስከ ጅራት ሰሊጥ አክሎ።
በእያንዳንዱ ብልቃጥ የአንዲት እናት ልጆች፣
ከወደቀ ፖም ላይ የተለቀሙ ዘሮች፤
ወንድም እህቱን አግብቶ፣ ሃያ ትውልድ ሙሉ፣
አንዱ ሌላውን እስኪመስል፣ አንድ እስኪሆን አመሉ።
ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያገባ ሰው ቢሰማ ይህን ጉድ፣
“ኧረ ነውር!” ባለ። ለጥናቱ ግን ይህ ነው መንገድ።

ብልቃጥ ሠላሳ ሰባት፣ መብራት ሲጠፋ ያርፋል፤
ብልቃጥ መቶ አራት ግን እስከ ንጋት ይዞራል።
ያው ገንፎ፣ ያው ጨለማ፣ ያው የሙቀት ልክ፤
ልዩነቱ ከውስጥ ነው፣ በዘር የወረደ መልክ።

ቱሊኪ መቶ አራትን “አባዬ” ትለዋለች።

አባቷ ኦስሞ፣ የወረቀት ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ፣
ጡረታ ወጥቶም እንኳ አላወቀም “ልተኛ”፤
መስኮት ሥር ይቀመጣል፣ የባቡሩን ሰዓት በደብተር እየጻፈ፤
እናቱም ካልሲ ስትሠራ ነው ስንቱ ሌሊት ያለፈ።
ቱሊኪም ይኸው አርባ ስምንት ዓመቷ፤
ጣራውን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ስንጥቁን ከነቤቱታ፣ ከነመዓቷ።

አንድ ቀን ለሄልካ፣ ለዋናዋ ተመራማሪ፣ እንዲህ አለቻት፦
“የትኛዋ ናት?
ያቺን ዘረ መል አሳዪኝ፣
እንቅልፋችንን የሰረቀችውን ሌባ፣ ስሟን ብቻ ንገሪኝ።”

ሄልካ ሳቀች። ኋላ ግን መነጽሯን አወለቀች፤
“ሌባው አንድ ቢሆንማ...” ብላ ጀመረች፤
“መቶ ናቸው፣ ምናልባት ሺህ፤ እያንዳንዱ ሲመዘን
ከላባ ይቀላል፤ አንዱ ብቻውን አይከሰስ፣ አይኮነን።
ይኸኛው በሴቷ ይሠራል፣ በወንዱ ግን ዝም፤
ያኛው ሲሞቅ ይናገራል፣ ሲበርድ ደግሞ የለም፤
አንዱ ጎረቤቱን ያፍናል፣ ሌላው ጎረቤቱን ይጠራል።
አዛዥ የለም እኮ፣ ሸንጎ ነው። ማን ይታሰራል?”

ቱሊኪ ዝም አለች። ድስቷን ማጠብ ያዘች።
ለካ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ጠላት ስትፈልግ ኖራለች።

“ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም” ይባላል፤
እውነት ነው፣ አይከፍትም። ይህን ማን ይክዳል?
የብልቃጣቸው ክዳን ጥጥ ነው፤ ሺህ ሆነውም አልገፉት፤
የእኛን ግን፣ የሰውን፣ ትንሽ ትንሽ አነቃነቁት፤
ገና አልተከፈተም። እንፋሎቱ ብቻ ይሸታል፣
ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ ግማሹ በግምት ይወራል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ዝንቦቹ በቀጭን ቱቦ፣ አንድ በአንድ፤
የማይታይ ጨረር መሐል ላይ ያቋርጣል መንገድ፤
ዝንቧ ባለፈች ቁጥር ማሽኑ ነጥብ ይጥላል፤
አምስት ደቂቃ ካላለፈች፣ “ተኝታለች” ይላል።
ሕጉ ይኸው ነው፤ ሌላ ምልክት የለውም።
ሕልም ታይ እንደሆን ማንም አይጠይቃትም።

ከመቶ አራት ቱቦዎች አንዲቷ ጸጥ አለች።
ቱሊኪ ጠጋ አለች፣ ሞተች ወይ ብላ አየች፤
እግሯ ይንቀሳቀሳል፣ በቀስታ፤ ሕይወት አላት።
በደም እህቶቿን ናት፣ በቀለብም እህቶቿን ናት፤
እነሱ ሲዞሩ እሷ ግን ተኝታለች።
ለምን? ሄልካ ብትኖር “አጋጣሚ” ትል ነበር፣
ወይም “አናውቅም”፤ ሁለቱም ለእሷ አንድ ነገር።

እርሳሷን አነሣች። ሳትጽፍ አስቀመጠች።
ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አጥፋ፣ ራሷን ጣል አደረገች።
በመስኮቱ ጠርዝ ያቺው ቀይ ጀምበር መጣች።
አምስት ደቂቃ ሙሉ ቱሊኪ አልተንቀሳቀሰችም፤
ማሽኑ ቢያያት ኖሮ “ተኛች” ብሎ ይጽፍ ነበር።

አልተኛችም።