ማቆም

ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ከሩብ፣ ደወሉ ገና ሳይጣራ፣
ማህቶት አልጋዋ ጫፍ ላይ ነች፣ መብራቷን ሳታበራ።
የዋና ቦርሳዋን አቅፋ፣ ካፖርቷን እንደ ለበሰች፣
"አባዬ፣ ማቆም ፈለግሁ" አለች።
በቃ። ይህን ብቻ አለች።

እኔም ጫማዬን ሳስር ነበር፤ ክሩ እጄ ላይ ቀረ።
የአባቴ ድምፅ መጣና ጉሮሮዬ ላይ ተደረደረ፦
"የጀመሩትን ሳይጨርሱ…" ዋጥሁት፤ ደረቴ አረረ።

ከዚያ መቁጠር ጀመርሁ፣ ሳልፈልግ፣ በጣቴ፦
አራት ክረምት ከአንገሬድ በትራም፣ እሷ አንቀላፍታ ከደረቴ፤
ስንመለስ እርጥብ ጠጉሯ በብርድ እንደ ሽቦ ደርቆ፣
የክለቡ ክፍያ ከትርፍ ሰዓቴ፣ ከጀርባዬ ተፍቆ፣
ሦስት መነጽር፣ ሁለት የጠፋ ፎጣ፣
ዐይኗን የከበበው ቀለበት፣ እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የማይወጣ።

ለምን ዋና? ብላ አልጠየቀችኝም አንድ ቀን።
እኔም አልነገርኋት ያን ሌት፣ ያን ጀልባ፣ ያን ሰቀቀን።
አጠገቤ የሰቆጣ ልጅ ነበር፣ ከሥዕል በቀር ባሕር አይቶ አያውቅም፤
"ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ይላሉ፤
መኳንንት ግን አልሳቀም።

ማህቶት ስትወለድልኝ፣ ገና እትብቷ ሳይደርቅ፣
ማልሁ፦ ይቺስ፣ ውሃ ሳያውቃት፣ ውሃን ትወቅ።
ለካ አራት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ሰማያዊ ገንዳ፣
የዋኘችው የኔን ባሕር ነው፤ የከፈለችው የኔን ዕዳ።

"ውሃውን ጠላሽው?" አልኋት።
"ውሃውን አይደለም። ሰዓቱን ነው፣ ቀዩን።
ግድግዳውን ነክቼ ቀና ስል፣ መጀመሪያ እሱን አያለሁ፤
ቀጥሎ ያንተን ፊት። ከፊትህም ላይ ያንኑ ቁጥር አነባለሁ።"

ምን ይባላል? አግዳሚው ላይ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዤ፣
አባት መስሎኝ ተቀምጬ፣ ቆጣሪ ሆኜ ነው የኖርሁ።
ያኔውኑ ግን እሺ አላልኋትም። ፈሪ ነኝ።
"ሐሙስ እንነጋገር" አልሁ።

ሐሙስ አሠልጣኟ ዘንድ ሄድን፤ ቆመች ፊሽካዋን ባንገቷ ጥላ፣
"ሳንባ አላት ይቺ ልጅ" አለች ሻሽቲን፣ "እስከ ጸደይ ትታገሥ" ብላ።
በተሰባበረ ስዊድንኛዬ፣ ልመና መስሎ እንዳይሰማ፣
"ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ደክሟታል" አልሁ።
ከዚያ በላይ ቃል የለኝማ።

ስንመለስ፣ የትራሙ መስኮት በትንፋሻችን ደብዝዞ፣
ጎተንበርግ በጎን ስታልፍ፣ ወንዙ መብራቷን ይዞ፣
"አንተስ፣ ዋና ትችላለህ?" አለችኝ።

"አልችልም" ለማለት አራት ፌርማታ ፈጀብኝ።

በኛ ቋንቋ "ማቆም" ሁለት ነው፤ እሷ አታውቀው ይሆናል፦
ሩጫ መግታትም ማቆም፣ ምሰሶ መትከልም ማቆም ይባላል።
ያን ንጋት እኔ የሰማሁት አንዱን ብቻ ነበር።

አሁንም ዐሥራ አንድ ከሩብ ላይ፣ ደወል ሳይኖር፣ እነቃለሁ፤
ትንፋሿን በበሩ እሰማለሁ፤ ልቆጥር እልና እተዋለሁ።
መነጽሩ ሚስማሩ ላይ ነው፤ ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።
የመጀመሪያው ትራም፣ መብራቱን አብርቶ፣ ባዶውን ያልፋል።
እኔ በሯ ላይ ቆሜያለሁ።