የአስር ከሃያው ጀልባ

ቪልቬ የወደብ ጸሐፊ ናት፣ በሂዩማ ደሴት፤
ትኬት ትቆርጣለች፣ ጉም ትመዘግባለች፤ ታውቃለች ማን መቼ እንደወጣ ከቤት።
ባለፈው ኅዳር የወደቡን ድረ ገጽ ላድስ ብላ፣
አንዲት ፊደል ሳተች፤ የጉዞ ሰሌዳው ባዶ ሆነ ሁለት ቀን ሙሉ፤
የጭነት መኪኖች ከነዓሣቸው ዳር ላይ ተደርድረው ዋሉ።
ከዚያ ወዲህ ማለች፦ «በሰው ፊት ጨርቅ አልቀድም፤
ጓዳ ሳልለካ፣ አደባባይ አልሄድም።»

እነሆ ማታ ነው። ባሕሩ መስኮቷን በጨው ይልሳል፤
ላፕቶፑ ጉልበቷ ላይ እንደ ድመት ሞቆ ይተነፍሳል።
መጀመሪያ ሰርቨር ጫነች፤ ደብዳቤ ጽፎ ለራሱ፣
ከራሱ ደጅ ተቀብሎ፣ መላሹም እሱው ራሱ።
ዳታቤዝ ከፈተች፤ ስም አወጣችለት፦ «ሙከራ»።
ፓስዎርድ ሲጠይቃት የሞተ ፈረሷን ስም ጻፈች፤ ማን ሊሰርቅ ይመጣል ከዚህ ስፍራ?
«ኤረር» አላት። ፖርቱ ተይዟል። ማን ያዘው? ራሷ ናት፤ አምና በዚህ ወራት
ጀምራ የረሳችው ሌላ ሰርቨር፣ በጨለማ ሲሠራ የከረመ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዕረፍት።
አጠፋችው።
ትንሽ ቅር አላት።

አድራሻው ቁጥር ነው፤ መቶ ሃያ ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፤
ከዚህ ደጅ የሚያወጣ የለውም አንዳች መንገድ።
የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ይህን ሲጠራ «እኔ» ማለቱ ነው፤
የሁሉም ስም፣ ግን ማንም ማንን የማይጠራበት፣ የማያገኘው።

ገጹ ብቅ አለ። ያው ሰማያዊ ግንባሩ፣
ነፋስ የማይደርስበት፣ ማዕበል የማያውቀው ባሕሩ።
«እስቲ» አለች፣ «አንድ የውሸት ጀልባ ልጨምር፤
ቢሰምጥ አይጎዳ፣ ቢዘገይ ማንም አያማርር።»
እጇ ቀደማት፦ «ወደ ሊናላይድ። አስር ሰዓት ከሃያ። ዋጋ የለውም። ቦታ፣ ለአሥራ ሁለት ሰው።»
ሊናላይድ ማዶ ያለች ጉብታ ናት፤ የመጨረሻው ቤተሰብ ላሙን በጀልባ ጭኖ ከተዋት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው።
ዛሬ የወፍ ናት፣ የሰንበሌጥ፣ የቆመ አንድ የጭስ ማውጫ፤
ሰሌዳም መንግሥትም ረስቷታል፤ የላትም መግቢያ፣ የላትም መውጫ።
«አትም» የሚለውን ተጫነች። አረንጓዴ ምልክት በራ፦ «ታትሟል»።
ለማን? ከእሷ በቀር ማን ያየዋል?

ያን ጊዜ ነው ጎረቤቷ ዩሎ የገባው፣ የተዋሰውን መጋዝ ሊመልስ፤
ስክሪኑን አየ፤ ቆመ፤ ከነመጋዙ ወጣ፣ ደህና እደሪ እንኳ ሳይጨርስ።

በማግስቱ፣ አስር ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከቢሮዋ መስኮት
አየችው፤ የወደቡ ጫፍ ላይ፣ በእሑድ ልብሱ፣ በጥቁር ኮት፣
አንድ ቅርጫት ድንች፣ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም፣ አንድ የናስ የበር እጀታ፤
የልጅነቱ በር ያለ እጀታ እንደቀረ አልረሳም ለካ፣ ለአፍታ።
ሮጣ ወረደች። «ዩሎ፣ ያ እኮ...» ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።
እሱ ግን ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ ተናገረ፦
«አውቃለሁ። እኔም ልሞክር ብዬ ነው።»

አስር ከሃያ ሆነ።
አንድ ዳክዬ አለፈ።
አስር ተኩል ላይ ቅርጫቱን እየተቀባበሉ ዳገቱን ወጡ።

ሰኞ እውነተኛው ገጽ ታደሰ፤ አንዲት ፊደል አልተዛነፈችም፤
ማንም አላየ፣ ማንም አላመሰገነ፤ እሷም አልጠበቀችም።
ማታ፣ ጓዳዋ ውስጥ፣ የውሸቱን ጀልባ ልትሰርዝ ከፈተች፤
ጣቷ ቁልፉ ላይ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ አንድ ቁጥር ብቻ ለወጠች፦

ቀሪ ቦታ፣ አሥራ አንድ።