ከክሩስኮቱ ሥር

በሞርዳድ ወር ፀሐይ አስፋልቱ ሲለዝብ
ቤህጃት ኻኑም መጣች መኪና ስታስስብ፤
ነጭ፣ አሮጌ ፔይካን፣ ከግንባሯ የጨሰች፣
የጠጣችውን ውሃ መንገድ ላይ ያፈሰሰች።

ፔይካን በኛ ቋንቋ ፍላጻ ነው ስሟ፤
ስትበር ደህና ናት፣ ስትቆም ነው ሕመሟ።

«ካራጅ ስሄድባት በሰፊው ጎዳና
መለኪያው ንቅንቅ አይል፣ ውላ ትገባለች ደህና።
ቫሊ አስር ላይ ግን፣ በቺናሮች ጥላ፣
ጎማ ለጎማ ስንሳብ ትነሣለች ልትፈላ።
ሦስት ጋራዥ ዞርኩ፤ አንዱ ቴርሞስታት ነቀለ፣
ሁለተኛው ራዲያተሯን በአዲስ ተካሁ አለ፣
ሦስተኛው ‹ጋርኒሲዮን ነው፣ ቴስታው ይውረድ› ብሎ ፈከረ፤
የበረደው ኪሴ ነው፤ ትኩሳቷ እንዳለ ቀረ።
አዋላጅ ነበርኩ እኮ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት፤
ምጥ ሲመጣ ዐውቃለሁ። ይሄ ምጥ ነው የውሸት።»

እኔ ሳፋር፣ ኮፈን ሥር ሆኜ የሸበትኩ፣
ሦስቱ ያሉትን ሰማሁ፤ አንዱንም አላመንኩ።
እስክትበርድ ቆይቼ፣ ውሃዋን ሞልቼ፣
ከጎኗ ተቀመጥኩ ካቻቢቴ ትቼ።
«ንጂ» አልኳት፤ «በሽተኛ በደህና ቀኑ አይታይ፤
ውሰጂኝ ወደሚያማት ቦታ፣ ቫሊ አስር ላይ።»

ደረስን። ቆምን። አውቶቡስ ከፊት፣ ሞተር ሳይክል ከጎን፣
ሐብሐብ የጫነ አንድ ሰው ከኋላ የሚጮህብን።
ከዳር በቦዩ የአልቦርዝ የቀለጠ በረዶ
ይሮጣል እያፏጨ፣ እኛን ቆመን ማየት ለምዶ።

መርፌዋ ተነሣች። አጋመሰች። አለፈች።
ከቀዩ መስመር ደርሳ እንደ ጣት ተቀሰረች።
«ማሞቂያውን ክፈቺው!»
«በዚህ ሐሩር? አብደሃል?»
«ክፈቺው። ትኩሳቷን ከእኛ ጋር ትካፈል።»
ከፈተችው። በጉልበታችን ላይ ምድጃ ተነፈሰ፤
መርፌዋ ግን አመነታ፣ ጥቂት ወደ ታች ተመለሰ።

ውሃው ይዞራል ማለት ነው። ፓምፑ ደህና፣ ቺንጋው አልላላ።
ጆሮዬን ወደ ፊት ሰጠሁ፤ የሞተሩ ድምፅ አለ፣ ሌላ
ምንም የሚዞር የለም።
ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ ያራግብላታል፤
ስትቆም ግን የራሷን ነፋስ ማን ይሰጣታል?

ዳር ይዘን ኮፈኑን ከፈትኩ። ፊውዙ አልተቃጠለም።
ቬንትሌተሩን ከባትሪ በቀጥታ ባገናኘው አልለገመም፤
ዞረ እንደ አዲስ። ታዲያ ማን አስተኛው?
ከጀርባው አንድ ሽቦ ይወጣል፣ ፋብሪካ ያልሠራው፣
በልብስ ስፌት ክር በየስንዝሩ የታሰረ፣
ግድግዳውን በስቶ ወደ ውስጥ የተሻገረ።

በጀርባዬ ተኛሁ፣ የእጅ መብራት በጥርሴ ነክሼ፣
ከክሩስኮቱ ሥር ሽቦውን በጣቴ ዳስሼ።
አንዲት ማብሪያ አገኘሁ፤ የመኪና አይደለችም፣
አውራ ጣት ያለሰለሳት፤ ጽሕፈት የላትም፣ ቀለምም።
ተጫንኳት።
ከፊት ለፊት ረዥም ትንፋሽ ተሰማ።

ቤህጃት ኻኑም ጎንበስ ብላ አየቻት።
«ይቺ የራስጌያችን መብራት ናት» አለች።
«ማብሪያዋ ጠፍቶ ሳምንት ተኳርፈን ነበር፤
ሠራተኛዋን ሁሉ ጠርጥሬ።

ሃያ ዓመት ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ መኪና ሲቆምብን
ኢራጅ እጁን ወደ ታች ሲሰድ
ጉልበቱን የሚያክ ይመስለኝ ነበር።
አምና፣ በረዶ ሲጥል፣ ሦስት ቀን ሲያጣጥር
የቤቱን ካርታ ነገረኝ፣ የእህቱን ዕዳ፣
የምድር ቤቱን ቁልፍ። ይሄን ረሳ!»
ይሄን ስትል መሪውን በመዳፏ መታች፤
ጥሩንባው ጮኸ፤ ባለ ሐብሐቡ መልሶ ጮኸባት።

«አውቶማቲክ ላድርግልሽ?» አልኳት። «ሲሞቅ በራሱ ይነሣል።
ብዙም አያስወጣ፤ እጅሽም ያርፋል።»
መርፌዋን አየች፤ ቀስ እያለች ወደ ደህናው ስትወርድ።
ማሞቂያውን ዘጋች። ላቧን በመሐረቧ ጫፍ ጠረገች።

«የለም፣ ይቆይ» አለች።
«ግን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋት፤
ክንዴ ከእሱ ክንድ ያጥራል።»