ድንጋይ የጎረሰች

ትርሲት ናት የሰጠችኝ፣ መኪናው ሊነሣ ሲል፣
በመስኮት አሹልካ፣ እንቁላል የምታህል
ቀይ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ክር ያላት፣ መርፌ ያላት፤
ሁለት ቀጫጭን ድንጋይ እሷው የጨመረችላት።

«ማታ እጀታው ላይ በክሯ አንጠልጥያት፤
እጅ የነካት እንደሁ ትጮሃለች፤ እመኚያት።
አንቺማ ስትደነግጪ ድምፅሽ ይጠፋል፤ አውቅሻለሁ፤
ያኔ፣ ወንዝ ዳር፣ የተከፈተ አፍሽን አይቻለሁ፣
ባዶውን።»
መልስ አልነበረኝም።

ጎንደር ለሦስት ቀን። ሥራዬ ሚዛን ነው፤
የነጋዴውን ኪሎ በኔ ኪሎ ልመዝነው።
ቀኑን ቅዳሜ ገበያ፣ በርበሬው ሲያስነጥሰኝ፤
ማታ ከፒያሳ ጀርባ ሁለት መቶ ሰባት ደረሰኝ።
ጣሊያን የገጠመው በር ነው፣ የዝግባ፣ ወፍራም፤
መቀርቀሪያው ግን ላልቷል፣ አንዱ ብሎን የለውም።
«ነገ እናስጠግናለን» ይላል ቁልፍ የሰጠኝ ልጅ፤
ነገ ምን ያደርግልኛል፣ የዛሬው ሌሊት ነው እንጅ።

በመስኮቴ ግንቡ አለ፣ ጨረቃን እንደነከሰ፤
አሥራ ሁለት በር ዘብ አቁሞ፣ እንቅልፍ ያጣ ስንቱ ነገሠ።
እኔ ያለኝ አንድ በር ነው። ወንበር አስደገፍኩ፤
ቀይዋን በክሯ ሰቀልኩ፤ ከነካልሲዬ ጋደም አልኩ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት
ጮኸች።
እንዴት ልበላችሁ፤ ሺህ የዛገ ሚዛን
በአንድ ጊዜ ሲያቃስት፣ ሲበጣጥስ እንቅልፍን።
እጀታው ወርዶ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤
ወደ ላይ ተመለሰ፣ ቀስ ብሎ፤ እምላለሁ።
አፌን ከፈትኩ።
ትርሲት እንዳለችው ነው።

ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፣ ከጩኸቱ ሥር፦
ቀጭ፤ ከሁለት መቶ ስድስት። ቀጭ፤ ከማዶው በር።
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ኮሪደሩ እስኪያልቅ ድረስ
ሁሉም ቁልፉን ደገመ፤ ማንም ሳይናገር፣ ማንም ሳይተነፍስ።
«ድረሱ» ስትል እሷ፣ «ዝጉ» ነው የሰሙት፤
ልፈርድ አልችልም፤ የኔንም ስንት ሌሊት ቆለፍኩት።

ኋላ አንዲት ሴት ጧ ጧ እያለች በነጠላ ጫማ መጣች፣
የመወልወያ እንጨቷን እንደ ጦር ይዛ፣ እየተቆጣች፤
«የት አባቱ! ወዴት ሄደ?»
ደረጃው ባዶውን ወደ ጨለማ ይወርዳል።
እጄ ሲንቀጠቀጥ መርፌዋ ቀዳዳዋን ሳተች፤
ሴትዮዋ ተቀብላኝ፣ አንዴ አይታ፣ ሰካች።
ዝማም ትባላለች።
ዝም። እንደ ስሟ።

ጧት ቁልፍ ሰጪው ልጅ ፊቱን አጥቁሮ ጠበቀኝ፤
«እንግዶች አማረሩ፣ እትዬ» ብሎ ወቀሰኝ።
እጀታውን ማን እንደነካ የሚያነሣ የለም፤
በር የተሳሳተ ሰካራም ይሆናል፣ አለዚያም—
አለዚያም።

ዝማምን ደረጃው ሥር አገኘኋት፣ አንሶላ ስታጥፍ፤
እዚያው ነው የምታድረው፣ የሳሙናው ካርቶን ጫፍ።
«ላንቺ ትሁን» አልኳት ቀይዋን። አየችኝና ሳቀች፤
«እጀታ የቱ ጋ አለኝ? በር ላላት ሴት ናት» አለች።
«ድንጋዮቿን ግን ስጪኝ፤ የእጅ ባትሪዬ ሞቷል፤
ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፤ ሌሊት መንገዱ ይጨልማል፤
ከሚጮህልኝ የሚያበራልኝ ይሻላል።»

አዘዞ ስንደርስ ኪሴን ዳበስኩ፤ ቀልላለች፤
ሃያ ግራም ያህል፤ መዛኝ እጅ አይስትም።
ትርሲት ደወለች፦ «ሠራች?»
«ሠራች» አልኳት፣ ሳልነግራት ሌላውን።

ዛሬ ማታ አዲስ ዘመን፤ ሌላ በር፣ ሌላ እጀታ።
ዲዳዋን እሰቅላታለሁ፤ አታበራም፣ አትጮህም፤
የሚነካት ግን አያውቅም።