ሃያ በሃምሳ

ዕቁቤ የወጣ ለት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣
ፍራንኮ ዝቅ ብሎ ካለው ዘይት ቤት
አራት ሊትር ገዛሁ፣ ወርቅማ ጋሎን፣
«ሲንተቲክ» የሚል ቃል የደመቀበትን።
ረውዳ ገንዘቡን ሁለቴ ቆጥራ
«ለየትኛው መኪና?» አለችኝ በተራ።
«ለአባቴ ፔጆ» ስል ዝም አለች ጥቂት፤
ያንን ዝምታዋን ልብ አላልኩት።

አምስት መቶ አራት ነው ፔጆው፤ ቀለሙ
ክሬም ነበር አሉ፤ ዛሬ የለም ስሙ።
ከአዳማ አሰላ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣
ገብስና ሙሽራ፣ በግና በሽተኛ የተጫኑበት፤
ከዴራ ኢተያ ዳገቱን ሲወጣ
ሲያቃስት የኖረ፣ ግን አንድ ቀን ያልቀረ፣ ሳይመጣ።
አሁን አባቴም እሱም ግቢ ውስጥ ናቸው፤
አንዱ ጉልበቱን፣ አንዱ ሞተሩን እያመማቸው።

ሁንዴሳ ጋራዥ ውስጥ አቧራው ይዞራል፤
የአዳማ ነፋስ ነው፣ በር አያንኳኳም፣ ይገባል።
ኮፈኑን ከፈተ። መለኪያውን ሳበ።
በጣቱ ጠረገው፣ አሸተተ፣ አሰበ።
ጋሎኑን አየና መልሶ አየኝ እኔን፤
«ስንት ከፈልሽበት?» ነገርኩት ዋጋውን።

«ስሚኝ ልጄ፣» አለኝ፣ «ዘይቱ መጥፎ አይደለም፤
ለአዲስ ሞተር ቢሆን እንደሱም የለም።
ግን መኪና ሲያረጅ ፓራዮሊው ይደርቃል፣
ጎማው ይሰነጠቃል፤ ታዲያ ማን ይይዘዋል?
እድፉ ነው የያዘው። የስንት ዓመት ጥቀርሻ
ቁስሉ ላይ ተጋግሮ ሆኖታል እንደ ፋሻ።
ይሄ ሲገባበት ያጥበዋል፣ ይጠርጋል፤
ከዚያ በየስፌቱ ማልቀስ ይጀምራል።»

«ታዲያ እድፉ ይኑር ነው የምትለኝ?» አልኩ።
«ይኑር አላልኩሽም፤ ቀስ ብሎ ይውጣ ነው ያልኩ።
ሃያ በሃምሳውን፣ ወፍራሙን፣ ተራውን
ጨምሪ፤ በሦስት ሺህ ቀይሪ፣ ፊልትሮውን
አትርሺ። ካልሆነ ሞተሩን ላውርደው፣
ፓራዮሊ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሁሉን ልለውጠው፤
ያኔ ውዱን አድርጊ። የኪስሽ ነገር ነው።»

ስመለስ አሰብኩት። እኛም ቤት አንድ ነገር
ተጋግሮ ነው የኖረ፣ ማንም ሳይናገር፦
አባቴ አሰላ ያደረባቸው ሌሊቶች፣
እናቴ ሳትጠይቅ ያጠበቻቸው ሸሚዞች።
እሷ ካለፈች ወዲህ ልጠይቀው ነበር፣
በአንድ ጊዜ ላጥበው፣ አንድም ሳላስቀር።

ጋሎኑን መለስኩት። ረውዳም አልሳቀች፤
በሃያ በሃምሳ ለወጠችኝ፣ ትርፉን ቆጥራ ሰጠች።

በሳምንቱ፣ በጠዋት፣ አባቴ ጎንበስ ብሎ
ከመኪናው ሥር ያነጠፍነውን ካርቶን በከዘራው ስቦ
ቆጠረ። «ሦስት ነው። ትናንት አምስት ነበር።»
«ይፈሳል ማለት ነው?» አልኩት፣ ቅር ብሎኝ።
«ያንጠባጥብ። ጨርሶ ሲደርቅ ነው መፍራት፤
ያኔ ውስጡ ዘይት የለም።»

ነፋሱ ካርቶኑን ሊገለብጥ ሲታገል
በእግሩ ረገጠው። ቆየ። ምንም ሳልል፣
«አሰላ፣» አለ፣ «አንድ ክረምት፣ ድልድዩ ተሰብሮ፣
የማድርበት አጥቼ፣ አንዲት ሴት...»
እዚያ ላይ ቆመ።
ኮፈኑን በመዳፉ ጠረገ፤ አቧራ አልነበረውም።

ቀሪውን አልጠየቅኩትም።
ገና ሦስት ሺህ ኪሎሜትር አለን።